ጸሎት የሚጠብቀው ሞተር

አባታችን ሆይ ካልተደገመለት ወደኋላ የማይዞር ሞተር አለ ብላችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ግን መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በቅርቡ ያረፉት አጎቴ እንጨት እያሽከረከሩ የአልጋ እግር ያወጡበት በነበረው ቶርኖ ላይ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ወደፊትም ወደኋላም እንዲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን የሽቦ ጥቅል ሁለት ጫፎች በማብሪያው የሚቀያየሩ አደረግኳቸው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ፤ እስካሁን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

አጎቴ ሞተሩን አጥፍተው ማብሪያውን ወደኋላ ከመገልበጣቸው በፊት አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ይደግሙ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተር እኮ ክርስቲያን አይደለም» ስላቸው «አንተስ ነህ?» ይሉኝ ነበር።

ካረፉ በኋላ ልጃቸው ደውሎ አበሳጨኝ።

«የዘረጋኸው ገመድ ተበላሽቷል። ወደኋላ ስለው ወደፊት ይዞራል። ካልቻልክ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

ሌላ ሰው! ሄጄ ደጋግሜ ፈታሁት፤ ምንም የለበትም። ለካ ልጁ ሞተሩ ሳይቆም ነው ማብሪያውን የሚገለብጠው። እየተሽከረከረ ያለ ሞተር ደግሞ የያዘውን አቅጣጫ አይለቅም። «እስኪቆም ጠብቅ» ብለው፣ ብለው አልሰማኝ አለ።

«በል እንደ አባትህ አባታችን ሆይን ድገም» አልኩት ተናድጄ።

ሞተሩን አጥፍቶ ጸሎቱን በሩጫ ጨረሰው፤ እንጨቱ ገና ይዞራል።

«አባትህ እንዲህ ነበር የሚሉት?»

ቀስ ብሎ ጀመረ። የዕለት እንጀራችንን ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ልቀጥልለት ብል እኔንም አቃተኝ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ማብሪያውን የሚገለብጥ ግን ከሁለታችን ጠፋ።

ዋሸ የምትሉ ሂዱና የአጎቴን ሚስት ጠይቁ። በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።