ሁለት ጾመኞችና አንድ ቢጫ ቀሚስ

ዛሬም በድሬው የታይዋን ገበያ በኩል ሳልፍ፣ ከሱቆቹ ደጃፍ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች «ቅናሽ! ቅናሽ! የበዓል ቅናሽ!» ብለው ጀምረው፣ ወደ ኦሮምኛ ዞረው፣ ከዚያም ወደ ሶማልኛ ተሻግረው ያንኑ ያለማቋረጥ ሲጮሁ ስሰማ፣ እጄ ሳላስበው እንደ ልጅነቴ የእማዬን እጅ ይፈልጋል። ሌላው ሰው የበዓል ገበያ ሲባል ደስታ ነው የሚታየው፤ ለእኔ ግን ፈተና ነበር፣ ያውም ፈታኟ እማዬ የሆነችበት ፈተና።

እማዬ ገበያን እንደ ገበሬ በወቅት ነበር የምታውቀው። ክረምቱ ወጥቶ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጎርፉን ጠጥቶ ሲደርቅ፣ ከተማው ለእንቁጣጣሽ ሲራወጥ፣ እሷ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥና፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሰው ሁሉ ቦርሳና ደብተር ገዝቶ ሲጨርስ ብቅ ብላ፣ ነጋዴው የተረፈውን አንሺልኝ ብሎ እስኪለምናት ትጠብቅ ነበር። ድሬ ትንሽ ነፈስ ሲላት ገና ይመጣል፣ የገና ልብሳችን ግን የሚገዛው ከገና በኋላ ነበር፣ ለሚመጣው ዓመት ታስቦ፣ አንድ ቁጥር ተልቆ። በዚህ የተነሳ ልብሴ ሁልጊዜ አንድ ዓመት ይቀድመኝ ነበር፤ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ፣ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ብቅ ስል የሰፈር ልጆች «ማሂ፣ ቀሚሱ ነው እንዴ አንቺን የለበሰሽ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ወደ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራት፤ የወደድኩትን ነገር ፊቴ ላይ ማሳየት አይፈቀድልኝም። «ነጋዴ እጅሽን አያይም፣ ፊትሽን ነው የሚያየው። አንዴ ዓይንሽ ከበራ ዋጋው አይወርድም» ትለኝ ነበር። ለዚህም ቤት ውስጥ አሠልጥናኛለች፣ እውነቴን ነው! ሐልዋ ገዝታ መጥታ፣ ቁራሹን አፍንጫዬ ሥር ይዛ ትቆማለች፤ ፊቴ ሳይነቃነቅ ከቆየ ሐልዋው የእኔ ነው፣ ከሣቅኩ ወይም ምራቄን ከዋጥኩ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ስንቱን ሐልዋ አጣሁ፤ በኋላ ግን ግድግዳ ሆንኩ።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ፋሲካና ዒድ ተከታትለው መጡ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው የአዴ ዘይነባ ልጅ ሐያት የልቤ ጓደኛ ነበረችና፣ ለሁለቱም በዓል አንድ ዓይነት ልብስ ልንለብስ፣ ፋሲካን እሷ እኛ ቤት፣ ዒድን እኔ እነሱ ቤት ልንውል ተማምለን ነበር። አዴ ዘይነባ ቀደም ብለው ለሐያት ደረቱ ላይ ሽብሽብ ያለው ቢጫ ቀሚስ ገዙላት። ሐያት ለብሳው እየሮጠች መጥታ «አቦ ማሂ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው! አብዲ ሱቅ ነው! ፍጠኚ!» ስትለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬን ከበዓል በፊት ልብስ ግዢልኝ ብዬ ለመንኳት። እሷም «እሺ፣ ግን በእኔ ሰዓት ነው የምንሄደው» አለች።

የእማዬ ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ነበር። ረመዳን ላይ በዚያ ሰዓት ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ውሎ፣ ልቡ ቤቱ ነው፤ ክርክር አያበዛም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በጾምህ ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ ጾሙን ሊፈታ ጥቂት ቀርቶት አይዋሽም፤ ታይዋን ውስጥ ይህንን የማያውቅ የለም። ችግሩ፣ ሰሙነ ሕማማት ስለነበር እማዬም እህል ሳትቀምስ ነበር የዋለችው። ስለዚህ ሁለት የራባቸው ሰዎች ሊከራከሩ ነበር የሚገናኙት፣ እኔ ደግሞ መሃላቸው ግድግዳ ሆኜ ልቆም።

ስንደርስ ቀሚሱ ከላይ ተሰቅሏል። አላየሁትም፤ ማለት፣ አይቼው አላየሁትም። እማዬ አረንጓዴ ቀሚስ አስወርዳ ስፌቱን ስትገለብጥ፣ ከገጠሩ ከዋሂል የመጣች፣ ማዳበሪያ ያዘለች ሴት ገብታ በቀጥታ ወደ ቢጫው ጠቆመች። አብዲ አወረደላት። በታይዋን ወግ ሌላ ሰው በእጁ የያዘውን ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ነውር ስለሆነ፣ ሴትየዋ ደረቱን እየዳበሰች፣ ወደ ብርሃን እያዞረች ስታየው እኛ ዝም ብለን ቆምን። በልቤ «ተዪው! ተዪው!» እል ነበር። ፊቴን ግን ማንም አላነበበውም። ሴትየዋ ዋጋውን ሰምታ ራሷን ነቀነቀችና፣ ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እማዬ አረንጓዴውን ለቀቀች፣ እንደ ዋዛም «ይቺስ?» አለች።

«እሷማ የመጨረሻ ናት አዴ ሙሉ፣ መቀነሻ የላትም፣ ወላሂ!»

«የጠዋት ወላሂህን ተውና፣ በጾምህ ንገረኝ። በስንት ነው የገዛሃት?»

አብዲ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጣሪያውን አየ። «አቦ፣ እንደዚህማ አይጠየቅም!» አለ፣ ግን እውነቱን ነገራት። እማዬ በላዩ ላይ ትንሽ ጨምራ፣ ባንኮኒው ላይ ብሩን አስቀመጠችና «ይኼው፣ ያለኝ» አለች።

አብዲ ብሩን አልነካውም። ጎንበስ ብሎ አያት። «አንቺስ ጾመኛ አይደለሽ እንዴ? እስቲ በጾምሽ፣ ያለሽ ይኼ ብቻ ነው?»

እማዬን እንደዚህ መልሶ የጠየቃት ሰው አይቼ አላውቅም። በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ደረቷ ውስጥ ሌላ ብር እንዳለ አውቃለሁ፤ አባዬ ፋብሪካ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ያመጣው፣ በማግስቱ ወደ ከፊራ ገበያ ወርደን ዶሮ የምንገዛበት ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውጪ ያ የተቀዳ ድምፅ «ቅናሽ!» እያለ ሦስቱንም ቋንቋ ዞረ።

«አለኝ» አለች በመጨረሻ። «የዶሮ ነው። ይኼን ሁሉ ጾመው ልጆቼን ዶሮ አላሳጣቸውም።»

አብዲ ትከሻው ወረደ። «እንግዲያው እኔ ከትርፌ ልተውልሽ፣ አንቺ ከዶሮዋ ክንፏን ተዪልኝ።»

«ክንፍ የሌላት ዶሮ ማን ይሸጥልኛል?»

ሁለቱም ሊሥቁ ሲሉ አዛን አለ። አብዲ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ተምር አወጣ፣ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ለእማዬና ለእኔም ዘገነልን። ፀሐይዋም ጠልቃ ስለነበር እማዬ አማተበችና በላች። እሱም ፊቱ ፈታ ብሎ «ኸላስ፣ ጾሜን ፈታሁ! ከአሁን በኋላ የምነግርሽን ዋጋ እንዳታምኚኝ» አለ።

ሣቃችን ሳያልቅ የዋሂሏ ሴት ተመለሰች። ማዳበሪያዋን አውርዳ፣ እያለከለከች፣ «ስጠኝ፣ ባልከው ይሁን። ልጄ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ፣ የመጨረሻዋ መኪና ደግሞ ልትሄድብኝ ነው» አለች። አብዲ ቀሚሱን አየ፣ እማዬን አየ። «ቅድሚያው የአንቺ ነው አዴ ሙሉ። እሷ ግን ሙሉውን እየሰጠችኝ ነው፣ ከዚህ በታች አልችልም። ወይ ውሰጂ፣ ወይ ልቀቂ።»

የእማዬ እጅ ወደ ደረቷ ሄደ። መሐረቡን ሳታወጣ፣ ወደ እኔ ዞረች። ገበያ ውስጥ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

«ማሂ፣ ወደድሻት?»

ቀሚሱ እጄ ሥር ነበር። ደረቱ ላይ ያሉትን ሽብሽቦች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሐያት ላይ አይቻቸዋለሁ። አባዬን አሰብኩት፣ በበዓሉ ዋዜማ የዶሮ ወጡን ሽታ ለመቅደም ከፈረቃው እየሮጠ የሚመጣውን። ከዚያ ሐልዋው አፍንጫዬ ሥር እንዳለ አደረግኩ።

«አይ» አልኩ። «ቀለሟ አስጠላኝ።»

የእማዬ እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደ። «ስጣት» አለችው። ሴትየዋ እየመረቀችን፣ ቀሚሱን በማዳበሪያው አፍ ጠቅጥቃ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ ሮጠች። ቤት ገብቼ ስተኛ የገረመኝ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁለት ረሃብተኞች እውነቱን ሲነጋገሩ፣ ምሳዬን ጥግብ ብዬ የበላሁት እኔ ብቻ መዋሸቴ ነበር።

ስንመለስ እማዬ በባጃጅ እንሂድ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ የደቻቱን ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። እጄን ከወትሮው አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ፣ ዶሮውም ተሠራ፣ አባዬም የዶሮውን እግር አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ጋጠው። ሐያት ያለፈውን ዓመት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። «ቢጫውስ?» ስላት «ጠበበኝ» አለችኝ። ከተገዛ ሳምንት ያልሞላው ቀሚስ! ሐያት በሐልዋ አልሠለጠነችምና፣ ተናግራ ሳትጨርስ አፏን ይዛ በሣቅ ፈነዳች፣ እኔም ተከተልኳት። ለዒድ እናቷ በግድ አለበሷት፤ እሷ ግን በዚያ ሙቀት ሻሿን ሽብሽቡ ላይ ጣል አድርጋ ዋለች።

አሁን ገበያው ሌላ ነው። እማዬ በቴሌግራም ነው የምትገዛው፤ የድሮው ዋጋ በቀይ ተሰርዞ፣ አዲሱ ከሥሩ ተጽፎ ይመጣል፣ ዕቃውን ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ያደርሰዋል፣ ማንም ማንንም በጾምህ ብሎ አይጠይቅም። የበዓል ልብሴም ልኬ ሆኗል። እውነት ለመናገር ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ብቻ፣ አብዲ ያቺን ተምር የዘገነልን እጁ ትዝ ይለኛል፣ የስልኩ ነጋዴ ግን እጅ ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም።

ባለፈው በዓል እማዬ ስልኩን ሰጥታኝ «ምረጪ» አለችኝ። ወደ ታች ወደ ታች ሄድኩና፣ ዋጋዋ በጣም የወረደው ላይ ቆሜ «ይቺ ቆንጆ ናት» አልኳት። እማዬ ስልኩን አላየችውም፤ ያየችው ፊቴን ነበር።

«አልወደድሻትም» አለችኝ። «ቀጥዪ።»

ትክክል ነበረች። ያኔ አብዲ ሱቅ ውስጥ ለመቀጠል የሚበቃ ብር አልነበረንም፤ አሁን ትንሽ አለን፣ ቀጠልኩ።