የዓርብ ግምገማ

ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ከዳንግላ ወደ ተማርኩበት ቆሰበር ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ፌስታሏን ፈትታ ገና ያልቀዘቀዘ የተቀቀለ ድንች አወጣች፤ ያ አፈር አፈር የሚል ሞቅ ያለ ሽታ መንገዱን አስረስቶ አሥረኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ ቆሰበር ዝናብ ከገባ መውጫውን የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ መምህሩ ማስተማሩን ትቶ ይቆማል፣ እኛም የጫማችንን ጭቃ በእንጨት እየፋቅን እናወራለን። ዓርብ ዓርብ ግምገማ ነበረን። በአንድ ለአምስት የተደራጀን ልጆች ክብ ሠርተን የእያንዳንዳችንን ጠንካራና ደካማ ጎን መናገር አለብን፤ ይሉኝታ ሲያስጨንቀን ጊዜ ግን ተመካክረን ለሁሉም የሚሆን አንድ ደካማ ጎን አገኘን፦ ማርፈድ። አንድ ዓርብ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘው፣ ደወሉንም የሚደውለው ልጅ በአርፋጅነት ተገመገመና ጥፋቱን አምኖ ለማሻሻል ቃል ገባ። የቡድኑ መሪና ሒሳብ አስረጂዋ እኔ ስሆን፣ የእኔ ደካማ ጎን ብቻ “ለሰው ስትል ራሷን ትረሳለች” የሚል ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ደስ ይለኝ ነበር።

ይታይሽ የምትባል ልጅ አብራን ነበረች፤ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቤታቸው አገውኛ የሚነገር፣ አማርኛውን እየመዘነች የምታወጣ። አባቷ “የአሥረኛን ፈተና ካላለፍሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትመጫለሽ” ብለዋታል፤ ሒሳብ ደግሞ አልሆንላት ብሏል። በየቀኑ ሳስረዳት እንደገባው ሰው ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት ትሰጣለች።

አንድ ዓርብ እኔን የመገምገም ተራዋ ሲደርስ የተለመደውን ትላለች ብለን ስንጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ።

“ስታስረጂኝ እስክሪብቶውን አትለቂም። እኔ ማሰብ ሳልጀምር አንቺ ትጨርሺዋለሽ። ገባሽ ወይ ስትዪኝ አፍሬ አዎ እላለሁ እንጂ አልገባኝም። ብትታገሺኝ እችለዋለሁ።”

ቅዳሜና እሑድን አኩርፌ ዋልኩ። ሰኞ ግን ከወላጆቿ ቤት የተቀቀለ ድንች ሰንቃ ተመልሳ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ድንቹን ለሁለት ገምሳ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እስክሪብቶውን አቀበልኳትና ዝም አልኩ። ስትሳሳት ላርማት እየዳዳኝ ምላሴን ነከስኩ፤ ሰው እስኪያስብ መጠበቅ እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። ሲመሻሽ መልሱን አገኘችው። እኔም በተራዬ “አንቺም ሳይገባሽ ራስሽን አትነቅንቂ” አልኳት፤ ሳቀች፣ ከዚያም ወዲህ ሳይገባት አዎ ያለችበትን ቀን አላስታውስም።

አለፈች። ውጤቱ የተሰማ ሰሞን አባቷ መጥተው “አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያስተማረችኝስ የእርስዎ ልጅ ናት ልላቸው አስቤ ይሉኝታ ያዘኝ።

ዛሬ በየዓመቱ የሥራ ምዘናዬ ላይ “በጣም ጥሩ” ይጻፍልኛል፤ ታረፍዳለች የሚል እንኳ ጠፍቷል። ከሚኒባሱ እንደወረድኩ፣ አሁን ሩቅ ከተማ ለምትሠራው ለይታይሽ ደወልኩላት። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ተጠያየቅን፤ ናፍቃኝ ነበር። ልንሰነባበት ስንል እንደ ቀልድ አድርጌ፣ “እስቲ ደካማ ጎኔን ንገሪኝ” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ ምን ደካማ ጎን አለሽ?” አለችኝ እየሳቀች።

አክብራኝ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን የደወልኩት እውነቱን ፊት ለፊት ለነገረችኝ ለዚያች ልጅ ነበር።