ማስጠናት እንቢ ያለችው ሚስ ኢንሺራህ

ሚስ ኢንሺራህ እንግሊዝኛ አትችልም ተባለ።

ወሬው የተነሳው ከኡም ሃሺም ፀጉር ቤት ነው። በግብጿ ራሺድ ከተማ ወሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ማስረጃውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ሴትዮዋ በሴቶቹ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ስታስተምር አንድም ቀን፣ አንድም ልጅ ቤቷ ጠርታ አስጠንታ አታውቅም። በእኛ ከተማ ደግሞ አስተማሪ ማለት ጠዋት ክፍል ገብቶ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተቀምጦ በክፍያ የሚያስተምር ሰው ነው። የሒሳቡ ያስጠናል። የሳይንሱ ያስጠናል። የስፖርቱ አስተማሪ እንኳን ምን እንደሚያስጠና ባይታወቅም ያስጠናል።

«ዓሣ ያለው ሰው ሳይሸጥ ይውላል?» አለች ኡም ሃሺም፣ የአንዲት ደንበኛዋን ጭንቅላት ካስክ ውስጥ እየከተተች። «የማትሸጠው ስለሌላት ነው።»

ከዚህ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። ዲፕሎማው የሟች አክስቷ ነው ተባለ። ጡረታ የወጣ አንድ መርከበኛ ደግሞ ሴትዮዋ የምትናገረው እንግሊዝኛ ሳይሆን ማልትኛ ነው ብሎ ማለ። ማልታን ያየው አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ፣ በጭጋግ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ሚስ ኢንሺራህ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ አሳምራ ትችላለች። ጉድ የሚያሰኘው የተማረችበት ቦታ ነው። የተማረችው የሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ዓሣ እያጸዳች ነው።

አባቷ ሰይድ አብደልባር አባይ ዳር ጀልባ የሚሠራ አናጢ ነበር። ጀልባው ሲያልቅ ቤቱ ሥጋ ይገባል፤ ካላለቀ ፉል ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ አያልቅም። ከአምስት ሴት ልጆቹ ኢንሺራህ አራተኛዋ ናት፤ ማለትም አዲስ ቀሚስ ወደ እሷ ሲደርስ ሦስት እህቶች አልፈውበት ነው።

ያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ሚስተር ፋሂም የሚባል፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ትምህርቱን ለሁለት ይገምሰዋል፤ ግማሹ ለክፍል፣ ግማሹ ለቤት። ልጆቹ ነገሩ ሊገባቸው አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አራግፎ «ቀሪው ሐሙስ፣ ቤቴ» ይላል። ሐሙስ የከፈሉት ይሄዳሉ። ያልከፈሉት ግማሽ እንግሊዝኛ ታቅፈው ይቀራሉ።

ኢንሺራህ አባቷን አልጠየቀችም፤ የጀልባውን ነገር ታውቀዋለች። የሚስተር ፋሂምን ሚስት ሲት ዳውላትን ዓሣ ገበያ ጠብቃ ያዘቻት።

«እትዬ፣ ዓሣውን ቤትዎ መጥቼ ላጽዳልዎት?»

«በስንት?»

«በነፃ። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ።»

ሲት ዳውላት ሃይማኖተኛ ስለነበረች በነፃ የመጣ ነገር ከአላህ ነው ብላ ተቀበለች።

እንዲህ ሆኖ ኢንሺራህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳሎን ውስጥ ሚስተር ፋሂም ያነባል፣ ልጆቹ ይደግማሉ። እሷም ቢላዋውን እንደያዘች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለዓሣዎቹ ትደግምላቸዋለች። ከባዱ ቦታ ሲደርስ ቢላዋው ይቆማል።

«ምነው እጅሽ ቆመ?» ትላለች ሲት ዳውላት።

«አከርካሪው ጠንክሮብኝ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ ሰርዲን ነው፣ ልጄ። አከርካሪው እንኳን ላንቺ ለድመትም አይጠነክር።»

የሳሎኑን ሰሌዳ አንድም ቀን አላየችውም። ድምፁን ብቻ ነው የምታገኘው። ስለዚህ ጆሮዋ ዓይን ሆነ። የመንግሥት ፈተና ውጤት ሲለጠፍ በእንግሊዝኛ ከከተማው አንደኛ የሰይድ አብደልባር ልጅ ሆነች። ሚስተር ፋሂም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «እኔ ያፈራኋት ናት» እያለ ሺሻውን ሳበ። ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠውን ልጅና ወጥ ቤቱ ውስጥ የምትቀመጠውን ልጅ አንድ ናቸው ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ወጥ ቤት የሚገባ ሰው አልነበረም። ይህን ያጫወተችን ራሷ ሲት ዳውላት ናት፣ ባሏን ከቀበረች በኋላ። «ዓሣውን ግን አሳምራ ነበር የምታጸዳው» ብላ ነው የምትጨርሰው ሁልጊዜ።

ከዚያ ኢንሺራህ ደመንሁር ሄዳ መምህርነት ተማረችና ዲፕሎማዋን ይዛ ተመለሰች። ታላቅ እህቷ በንዴት አበደች።

«እስክንድርያ ሆቴል ብትቀጠሪ እኮ በዚህ ቋንቋሽ ከፈረንጅ ጋር ስትስቂ ትውያለሽ።»

«ፈረንጆቹማ ይችሉታል» አለች ኢንሺራህ። «ለሚችል ሰው ምን ላደርግለት ነው?»

ዓመቱ በገባ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ የምትናገረውን ያልሰማ የራሺድ ቤተሰብ የለም። እናትም ልጅም ከእሷ የተማሩበት ቤት አለ፤ ሁለቱም በቃላቸው ይሉታል። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ የክፍሏ በር አይዘጋም፣ ክረምትም ቢሆን። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦

«ደብተራችሁን በፈለጋችሁት ወረቀት ሸፍኑ። ዓሣ የተጠቀለለበት ከሆነ ግን መስኮት ዳር ተቀመጡ። በእኔ ክፍል የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት መጽሐፍ አይከፈትም፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ጆሮ ይከፈታል። እያንዳንድሽ በቀን አንድ ስህተት ጮክ ብለሽ ታመጪልኛለሽ። ዝም ብላ የዋለች ልጅ ተምራለች አልልም። በሌላዋ ስህተት የሳቀች የሚቀጥለውን ጥያቄ ትመልሳለች። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ደወል ሳይደወል እጨርሳለሁ። ካልጨረስኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማግስቱ ቀድሜ መጥቼ እጨርሰዋለሁ። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሻይ ይጠጣል እንጂ አይማርም።»

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተባለ፣ እንዲህም ተሠራ። የኡም ሃሺም ሴት ልጅ ግን ሦስተኛ ዓመት፣ የመንግሥት ፈተና የሚቀመጡበት ክፍል ደረሰች። ያን ጊዜ ነው ወሬው ወረቀት ላይ የወጣው። ከሠላሳ ስምንቱ ተማሪዎች የሃያ ሦስቱ ወላጆች ፈርመው፣ ሚስ ኢንሺራህ ከፈተናው ክፍል ትነሳልን፣ በምትኳም ቤቱ የሚያስጠናው ሌላው የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሚስተር ሐጃጅ፣ ይግባልን አሉ። እሷ የት ትሂድ? ቤተ መጻሕፍት። አርባ መጽሐፍና አንድ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ይሻላል።

ወላጆቻቸው ያልፈረሙት አስራ አምስት ልጆች ናቸው ሚስ ኢንሺራህን እንቅልፍ የነሷት። አባቶቻቸው ተሸካሚ፣ መረብ ጠጋኝ፣ ጡብ ጫኝ ናቸው። ሚስተር ሐጃጅ ከገባ ሃያ ሦስቱ ሐሙስ ቤቱ ይሄዳሉ፤ አስራ አምስቱ ግማሹን ይዘው ፈተና ይቀመጣሉ። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ኡስታዝ ፋርጋሊ ቢሮው ውስጥ አገናኛቸው። ኡስታዝ ፋርጋሊ መጨረሻ ከተናገረ ሰው ጋር የሚስማማ ደግ ሰው ነው። ወላጆቹን ወክለው የመጡት ዓሣ ነጋዴው ሐጂ ሙተወሊና ኡም ሃሺም ናቸው።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ሙተወሊ፣ «አባትሽን አውቀዋለሁ። የሠራልኝ ጀልባ ዛሬም አልሰጠመም። ስለዚህ እንደ አባት ልምከርሽ። ወይ አስጠኚ፣ ወይ ክፍሉን ልቀቂ።»

«አባቴ የጀልባውን ግማሽ ሠርቶ ቀሪውን ቤቴ ይምጡ ብሎዎት ያውቃል፣ ሐጂ?»

ሐጂ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቅ እንዳልነበረባቸው ትዝ አላቸው። «ጀልባ ሌላ፣ እንግሊዝኛ ሌላ።»

«ግን ለምን አታስጠኚም፣ እህቴ?» አለች ኡም ሃሺም አንገቷን ዘመም አድርጋ። «ሰውስ ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል? ካንቺ ዘንድ አይደል የሚነሳው።»

ኡስታዝ ፋርጋሊ ሳል ሳል አለው። «ለስሙ ያህል አንድ ቡድን ብቻ ቢያስጠኑስ፣ ሚስ? አምስት ልጅ?»

«አላስጠናም» አለች። «ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ይምጡና ይቀመጡ። እንግሊዝኛ ከሌለኝ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ራሴ ጠይቄ እወስዳለሁ።»

ሰኞ አስራ አንድ ወላጅ መጣ። ሐጂ ሙተወሊ ከልጃቸው ከሀያም ጎን፣ ለአስራ አራት ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ውስጥ ገቡ፤ እንዴት እንደሚወጡ ማንም አላሰበበትም።

«ዓይን ይጨፈን» አለች ሚስ ኢንሺራህ። «እንግዶችም።»

ተጨፈነ። ኡም ሃሺም አንዱን ብቻ ጨፈነች፤ ይህን ሁሉ የምናውቀው በሌላኛው ዓይኗ ነው።

ሚስ ኢንሺራህ በእንግሊዝኛ ተረት ጀመረች። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ከፍ ታደርጋለች፣ አንዴ እንደ ሽማግሌ፣ አንዴ እንደ ነጭናጫ ሚስት ትናገራለች። ወላጆቹ ከሚነፍስ ነፋስ በላይ የገባቸው ነገር የለም። ድንገት ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ባንድ ጊዜ ፍርስ ብለው ሳቁ።

ሐጂ ሙተወሊ ዓይናቸውን ገለጡ። ዙሪያውን ቃኙ። ማንም ማንንም አላየም፤ ማንም ማንንም አልነካም። ግን ሁሉም እኩል ነው የሳቀው።

«ምን አለች?» አሉ ሀያምን በሹክሹክታ።

«ዝም በል አባዬ፣ ሚስትየዋ ልትይዘው ነው።»

ተረቱ ሲያልቅ የተሸካሚው ልጅ ሳባሕ ቆማ መልሳ እንድትተርከው ተጠራች። ሳባሕ የማንንም አስጠኚ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ናት። ጀመረች፣ ተሳሳተች። ሚስ ኢንሺራህ ራሷን ነቀነቀችላት፣ ስጦታ እንደተቀበለች ሁሉ። ሳባሕ አረመችው፣ እንደገና ተሳሳተች፣ አረመች፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ተረቱ እዚያው ቦታ ሲደርስ ልጆቹ ድጋሚ ሳቁ። ይኼኔ ኡም ሃሺምም ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች ስትጠየቅ እስከ ዛሬ ትቆጣለች። ትምህርቱ አለቀ። ደወሉ ከዚያ በኋላ ተደወለ።

«ኡስታዝ ፋርጋሊ» አሉ ሐጂ ሙተወሊ ከዴስኩ ውስጥ፣ «ያንን ወረቀት ቅደደው። ክፍሉ የእሷ ነው።»

በር ላይ ቆሞ የነበረው ኡስታዝ ፋርጋሊ መጨረሻ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ ከኪሱ አውጥቶ አራት ቦታ ቀደደው። ሳባሕ ቀና ብላ አስተማሪዋን አየቻት። ሚስ ኢንሺራህ የጠመኔውን ብናኝ ከእጅጌዋ ላይ አራገፈች።

«እንግዲህ» አሉ ሐጂ ሙተወሊ፣ ሁለት አባቶች ከዴስኩ እየጎተቱ ሲያወጧቸው፣ «የሚመችሽ ሐሙስ ነው ወይስ አርብ?»

«ለምኑ፣ ሐጂ?»

«ለጥናቱ ነዋ። እንዲህ የምትችል ሰው ሳታስጠና ልትቀር ነው? ሀያምን መጀመሪያ መዝግቢያት።»

«እኔ ነኝ የቀደምኩት» አለች ኡም ሃሺም። «ከዛሬ በፊት ነው ያሰብኩት።»

ከኋላ የነበሩትም እጃቸውን እያወጡ ወደ ጠረጴዛዋ ተጠጉ። ሚስ ኢንሺራህ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አልተቆጣችም። ከዚያ ወደ ሐጂ ሙተወሊ ዞራ፣

«ሐጂ፣ ሀያም ዛሬ ያልገባት የቱ ነው? እሱን ይንገሩኝና ሐሙስም አርብም ላስተምራት» አለች።

ሀያም ሳቀችና «ሁሉም ገብቶኛል፣ አባዬ» አለች።