ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ሾላ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ነው... ፍኖተ ሰላምን ዝናብ ይዟት፣ እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የክሪፕቶ ቻርት ላይ አፍጥጫለሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠዋል።

መቼም ዘንድሮ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ የማይነግድ ሰው የቀረ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤታችን ሻይ ሲጠጣ ወሬው እሱ ብቻ ነው። እኔም ከሰው ላለማነስ ልገባበት ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኢንዲኬተር ማንበብ ሳትችይ አንድ ብር እንዳታስገቢ» ብሎ ገሰጸኝ። ስለዚህ ገበያው ወዴት እንደሚያጋድል የሚጠቁሙትን እነዚህን ምልክቶች እየተማርኩ ነው።

አርኤስአይ የሚሉት ቶሎ ነው የገባኝ። ገዢው ሲረባረብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከልክ በላይ ከወጣ ደግሞ ዋጋው እየደከመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሙቪንግ አቬሬጅ ላይ ስደርስ ግን ተገተርኩ። የሰሞኑን ዋጋ አማካይ እያወጣ የሚሄድ መስመር ነው ይላሉ። እሽ፣ ይሁን... ታዲያ ዋጋው ራሱ ቁልጭ ብሎ እየታየ አማካዩ ምን ይፈይድልኛል?

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ነገር መርሳት ጀመሩ፣ ከእኔ ሌላ ልጅ ስለሌላቸው ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። አሁን ግን ማን እንደሆንኩ አያውቁም። የሰው ቤት በእንግድነት ያረፉ ነው የሚመስላቸው። ስገባ ብድግ ይሉና «እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ፣ አስቸገርኩዎ» ይሉኛል። አንድ ቀን በስሜ ጠርተው ቢቆጡኝ እንኳ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያን ቀን ስክሪኑን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «እሜቴ፣ ይሄን መንገድ ማን ሣለው?» አሉኝ።

«መንገድ አይደለም አባ፣ የገበያ ዋጋ ነው።»

«እሱማ ወደ ገበያ ነው የሚወስድ» አሉ።

ሳቄ መጣ። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ጣታቸውን ከጋቢው አውጥተው ዋጋውን የሚያሳየውን፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ የሚለውን መስመር ነኩ።

«ይኸውልዎ፣ ይሄ አቋራጩ ነው። ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ አህያ አይወጣውም። ይሄ ለስለስ ያለው ደግሞ የጭነት መንገዱ።» አሁን ጣታቸው ሙቪንግ አቬሬጁ ላይ ነበር። «ጭነት የያዘ አይዘልም እሜቴ። እየዞረ፣ ከኋላ ከኋላ እያለ ነው የሚመጣ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ሁሉ ቪዲዮ ያላስረዳኝ ነገር እዚያው ገባኝ። አማካዩ ያለፉትን ቀናት ዋጋ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው የማይደነብረው፣ የሚዘገየውም ለዚሁ ነው። አባቴ ግን ስለ ክሪፕቶ ማውራታቸው አልነበረም። እርሳቸው ወደ ማንኩሳ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበሩ።

ነገሩ ጣመኝና ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበትን ነጥብ አሳየኋቸው። ትሬድ የሚያደርጉት ሰዎች ይሄን ቦታ ነው የሚጠብቁት፤ ዋጋው አማካዩን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ግዙ፣ ወደ ታች ሲወርድ ሽጡ ይላሉ።

«እዚህ ጋስ ምን አለ አባ?»

«ሾላው ነዋ» አሉ፣ ምንም ሳያስቡ። «እዚያ ነው የምንገናኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከባለቤቴ ጋር። እሷ በርበሬውን ጭና አህያዋን እየነዳች በጭነቱ መንገድ ትመጣለች። እኔ ልጅቷን ይዤ በአቋራጩ።»

ልጅቷ እኔ ነኝ...

ያን ሾላ በደንብ አስታውሰዋለሁ። እኔ ቀድሜ ደርሼ ፍሬ ስለቅም፣ እናቴ ከአህያዋ ኋላ ብቅ ስትል ይታየኛል። «በእግሬ መጣሁ፣ ቀደምኩሽ» እላታለሁ። እሷም «ጎበዝ፣ የኔ ፈረስ» ትለኛለች። ይሄን ለልጆቼ ስንት ጊዜ እንዳወራሁ አትጠይቁኝ። ትምህርት ቤቱ ራቀን ባሉ ቁጥር «እኔ በእናንተ ዕድሜ ያን ዳገት በእግሬ ነበር የምወጣው» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው።

«ልጅቷ ብርቱ ነበረች ማለት ነው?» አልኳቸው፣ ሙገሳዬን ልሰማ ፈልጌ።

አባቴ ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«ኧረ ከየት መጥታ እሜቴ። ወንዙን እንደተሻገርን እንቅልፍ ነው። ዳገቱን አዝያት ነው የምወጣ። ሾላው ስር ስደርስ ቀስ ብዬ አወርድና አቆማታለሁ። እናቷ ስትመጣ በእግሬ መጣሁ ትላለች። እኛም እሽ እንላታለን።»

«እናቷ ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አታውቅም? የልጅቷ እግር ላይ እኮ አቧራ የለም።»

ምን ልበላችሁ... ከዚያ በኋላ ስክሪኑ አልታየኝም። እናቴ አቧራ ያልነካውን እግሬን እያየች «ጎበዝ» ስትለኝ ነው የታሰበኝ። ብትኖር ኖሮ ያኔውኑ ደውዬ «አታላይ» እላት ነበር። በጣም ናፈቀችኝ።

«አባ፣ እኔ ነኝ እኮ ያች ልጅ» ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እርሳቸው ቀድመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አደራዎን እሜቴ፣ ምናልባት ካገኟት እንዳይነግሯት። በእግሯ የመጣች ነው የሚመስላት።»

«እሽ፣ አልነግራትም» አልኳቸው።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል... እናንተም ካገኛችኋት እንዳትነግሯት።