ከግማሽ የሚበልጥ ገመድ

ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የኮምፓሱ መርፌ ወረቀቱን በሳው። "እማዬ፣ ለምንድነው ከመስመሩ ግማሽ በላይ የምከፍተው?" አለችኝ።

"ቅስቶቹ እንዲቆራረጡ" አልኳት።

እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ምክንያት ሱሉልታ ትምህርት ቤታችን የተዘጋ ጊዜ ነበር። አካኮ የምንላቸው አያታችን፣ ቀያሾች ችካላቸውን ይዘው ሳይመጡ መሬቱን ለአባቴና ለአጎቴ ሊያካፍሉ ፈለጉ። "ድንበሩ ከሁለቱም በር እኩል ይራቅ" አሉ። እኔና የአጎቴ ልጅ ገመቹ ክፍል ውስጥ የተማርነውን በገመድ ልንሠራው ተነሳን። አካኮ ከበር እስከ በር የለካንበትን ገመድ ለሁለት አጠፉልን።

"ከግማሽ መብለጥ አለበት፣ አካኮ" አላቸው ገመቹ። "አለበለዚያ ቅስቶቹ አይቆራረጡም።"

"እንዲያማ ከሆነ አንዱ የሌላውን መሬት ይረግጣል።"

"ለመገናኘት ነው እንጂ ለመውሰድ አይደለም።"

አካኮ የታጠፈውን ገመድ ጥቂት አስረዘሙት። "ለመገናኘት ከሆነ ይርገጥ" አሉ።

እኔ አንዱን ጫፍ በራችን ላይ ያዝኩ። ገመቹ በሌላኛው ጫፍ በታሰረው እንጨት መሬቱን እየጫረ ዞረ። ከማለዳ ጀምሮ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ለምደነዋል። ወደ እነ ገመቹ በር ልንሻገር ስንል ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። "ነን ዱፋ፣ መጣሁ" አለኝና ገመዱን ጥሎ ሮጠ። ቆይቶ ተኩስ ሰማን።

ሲመሽ ገመዱን ልጠቀልል ጎንበስ ስል አካኮ ከለከሉኝ። "ተዪው። ሲመጣ ከነሱ በር ይቀጥላል።"

ገመዱ ክረምት እስኪገባ እዚያው ተዘርግቶ ከረመ።

ልጄ መርፌውን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዛውራ ሁለተኛውን ቅስት ሳለች።

"እዪ፣ ተቆራረጡ" አለች።