የፈረስ መጽሐፍና የጋለ ማጭድ

የልጄ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ዳማው ፈረሴ አነከሰ። በሮብ ገበያ አካባቢ ሙሽራ የምትመጣው በፈረስ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ ፈረስ የለኝም። ትከሻው አበጥ ያለ ስለመሰለን ስለ ኮቴው ያሰበ አልነበረም። የሚስቴ ወንድም ሞላ ትከሻውን ሊተኩሰው ማጭድ እሳት ውስጥ ከተተ። እንዲተኮስ አልፈለግሁም፤ ሌላ መላ ግን አልነበረኝም።

እኛ ዘንድ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ይህን ሲያይ አንድ የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ አመጣ። ፈረንጆች መጽሐፍ ማተም በጀመሩ ሰሞን የወጣ መጽሐፍ ቅጂ ነው አለን። ገልጦ አነበበና ድምፁን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ትከሻውን በጋለ ብረት ይተኩሱት ነው የሚለው።»

«አላልሁም?» አለ ሞላ። «ፈረንጁ ሳይቀር ከኔ ጋር ነው።»

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም። ጽሑፉን ባላውቀውም ገጹ ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት። አንድ ሰው የጋለ ብረት ፈረስ ትከሻ ላይ ይዟል፤ ፈረሱ ግን የፊት እግሩን ሰብስቦ መሬቱን በኮቴው ጫፍ ብቻ ነክቷል። የኔም ዳማ የቆመው ልክ እንደዚያ ነበር፤ ኮቴውን መርገጥ ፈርቷል።

«ቆይ፣ ሞላ» አልሁት።

ኮቴውን አንስቼ የደረቀውን ጭቃ በቢላ ፋቅሁት። ከሥሩ ሹል ጠጠር ተሰክቶ አገኘሁ፤ ነቀልሁት። ዳማው እግሩን ቀስ ብሎ አሳረፈ፤ ከዚያም እስከ በረቱ ሳያነክስ ሄደ።

ሞላ የቀላውን ማጭድ እንደያዘ ቀረ።

«ታዲያ ይህን ምን ላርገው፣ አያ?»

«አቀዝቅዘውና ሣር እጨድበት» አልሁት። «ሙሽራ የሚያመጣ ፈረስ ጠግቦ ይደር።»