የክንዴ ጠባሳ

ክንዴ ላይ ክብ ጠባሳ አለ። ሽንዲ በምትባል ከተማ ሕፃን ሳለሁ የተከተብኩት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ነው። በእሱ በጣም እተማመን ነበር። ስለዚህ አስተማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ሳል ሲይዘኝ ብርድ ነው አልኩ፤ ጦስኝ በማር አፍልቼ ጠጣሁ። ላብ ሲያጠምቀኝም በብርድ ልብሱ አመካኘሁ።

ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ያኔ አራስ ነበሩ። ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ክርስትና የማነሳት እኔ እንድሆን ተነጋግረን ጨርሰናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሕፃኗን ያስታቅፉኝና ትንሽ ጋደም ይላሉ። ልጅቷ ግን አልተከተበችም። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት ስላቸው፣

"ሰማንያዋ ሳይሞላ እንዴት ሁኜ ነው እምወጣ?" ይሉኛል።

የአገሩ ልማድ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ እናትም ልጅም ከቤት አይወጡም።

ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታዬ ተመረመረ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ሳልፈራው ነው የደረሰብኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን ለነርሷ አሳየኋት።

"ተከትቤያለሁ እኮ።"

"ሕፃን ሳለሽ ጠብቆሻል" አለችኝ። "ክትባቱ በደንብ የሚከላከለው ሕፃናትን የሚገድለውን፣ ጭንቅላት ድረስ የሚዘልቀውን ዓይነት ነው። ካደጉ በኋላ ሳንባን ያን ያህል አይጠብቅም።"

ቀጥላ፣ አብሮሽ የሚኖር ሕፃን አለ ወይ ስትለኝ፣ በየቀኑ ስለማቅፋት ሕፃን ነገርኳት።

ለሴትዮዋ ከበራፋቸው ራቅ ብዬ ቆሜ ነገርኳቸው። አልጮሁም። ልጃቸውን አቅፈው፣ ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ አራስ የማትለየውን ቢላዋ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሰማንያውን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። ልጅቷ ተመርምራ ሕመም አልተገኘባትም። ግን ክትባቱ ይቆይና መጀመሪያ ለወራት መከላከያ ኪኒን እየተፈጨ ይሰጣት ተባለ።

ከዚያ ወዲያ በዚያው ግቢ ከሰው ተለይቼ ኖርኩ። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። ሳል ይከተል ይሆን? ምግቤ በተለየች ሳህን ደጃፌ ላይ ይቀመጥልኛል። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ከሳምንታት በኋላ ነርሷ፣ ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፊም አለችኝ፤ ሳህኗ ግን አልተለወጠችም። እናደዳለሁ። መለስ ብዬ ደግሞ፣ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ እላለሁ።

የክርስትናዋ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እልልታውን በሬን ዘግቼ ሰማሁት። ያነሳቻት የጎረቤት ሴት ናት። ያን ቀን አምርሬ አለቀስኩ።

ወራቱ አለፉ፤ እኔም መድኃኒቴን ጨረስኩ፣ ልጅቷም ኪኒኗን ጨርሳ በደኅና ተከተበች። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ልጃቸውን አቅፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"የተወጋችበት መገለ። ያንችም እንዲህ ሁኖ ነበር?"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክትባቱ እንዲህ ነው፣ ይመግልና ይደርቃል፣ ይህችን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል አልኳቸው። ጠባሳዬን በጣታቸው ዳሰሱት። በሽታዬ ከታወቀ ወዲህ በዚያ ግቢ ሰው ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሕፃኗን አስታቀፉኝ።

ከብዳለች። አላወቀችኝም፤ ወደ እናቷ እጇን ዘርግታ አለቀሰች።